ዋናው ወይስ ቅጂው? ብርቅዬ የፖለቲካ መጫወቻ ካርታ ለመግዛት ለሚያስቡ የደሴና የአካባቢዋ ሰብሳቢዎች የንጽጽር መመሪያ

ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ካርታ አንድ ጥቁር ሰው በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃ ይዟል፤ የተሰበረ ቀንበር ከእግሩ ሥር ወድቋል፤ ከጀርባው በአንድ ወገን የጦር ሰፈር፣ በሌላው ወገን ጥቂት የሸንኮራ አገዳ ይታያል። በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ስም «የቀለም እኩልነት» የሚል ሲሆን፣ በፓሪስ ዦምና ዱጉር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1793 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት የአብዮት ካርታ ውስጥ በዳይመንድ ወጣት (ጃክ) ቦታ የገባ ሥዕል ነው። በዚያ ካርታ ንጉሥ የለም፣ ንግሥት የለችም፤ በነገሥታቱ ቦታ የጦርነት፣ የሰላም፣ የጥበብና የንግድ መንፈሶች፣ በንግሥቶቹ ቦታ ነጻነቶች፣ በወጣቶቹ ቦታ ደግሞ እኩልነቶች ተቀምጠዋል። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሻረችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1794 ስለሆነ፣ ሥዕሉና አዋጁ የአንድ ሰሞን ልጆች ናቸው። ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ይህን ካርታ ለተማሪዎች ሳዞር ዐይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ጆንያው ላይ ነው። ጠዋት እናታቸው አቦሉን ስትቀዳ ያዩት ቡና በዚያ ዘመን በባሪያ ጉልበት ይለማ እንደነበር የሚገባቸው ከመጽሐፉ ምዕራፍ ይልቅ ከዚህ ትንሽ ወረቀት ነው።

የያዝኩት ግን ቅጂ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈውም በዋናውና በቅጂው መካከል ለመምረጥ የሚቸገሩ ሰዎች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ፣ ከጥያቄዎቻቸውም አብዛኞቹ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚመጡ ስለሆኑ ነው።

የፖለቲካ መጫወቻ ካርታ የምንለው ሥልጣን ላይ ያለ ወገን ወይም ተቃዋሚው መልእክቱን በጨዋታ አሳብቦ በሰው እጅ ያስገባበት ህትመት ነው። በራሪ ወረቀት ተነብቦ ይጣላል፤ ካርታ ግን በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ተበውዞ በየእጁ ይዞራል፣ ማንበብ የማይችለውም ሥዕሉን ያያል። በእንግሊዝ አገር ቲተስ ኦትስ የተባለ ሰው «ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ አሲረዋል» ብሎ የፈጠረው ክስ አገሩን ባናወጠበት ጊዜ፣ በ1679 አካባቢ፣ ሠዓሊው ፍራንሲስ ባርሎው የውሸቱን ታሪክ ትዕይንት በትዕይንት በካርታ ሥሎታል። በ1720 የደቡብ ባሕር ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ሲከስር፣ በዚያው ዓመት በለንደን ከሳሪዎቹንና አታላዮቹን የሚተች ካርታ ወጣ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ በኒውዮርክ የታተመው የሰሜኖቹ ካርታ ደግሞ ልብና ስፔድን ትቶ በንስር፣ በጋሻ፣ በኮከብና በባንዲራ ተካቸው፤ ንጉሡን ኮሎኔል፣ ንግሥቲቱን የነጻነት እመቤት፣ ወጣቱን ሻለቃ አደረገው። ለእኛ ዘመን ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ጦር የሚፈልጋቸውን የኢራቅ ባለሥልጣናት ፎቶ ይዞ የወጣው ካርታ ሲሆን፣ ሳዳም ሁሴን የስፔድ አንድ ቁጥር ላይ፣ ልጆቹ ቁሳይና ኡዳይ በሌሎች አንድ ቁጥሮች ላይ፣ በሁለቱ ጆከሮች ላይ ደግሞ የኢራቅ የጦር ማዕረጎችና የዐረብ የክብር ስሞች ሰፍረዋል።

ገዢ ፊት የሚቀርቡት አማራጮች በተግባር አራት ናቸው፦ ሙሉው የዘመኑ ካርታ (ማለትም በራሱ በድሮው ዘመን የታተመው ዋና)፣ ከዘመኑ ካርታ የተረፈ ነጠላ ቅጠል (አንድ ካርታ ብቻ)፣ በጥንቃቄ የተሠራ ዘመናዊ ቅጂ፣ እና ራሳችን ከሙዚየም ምስል ላይ የምናሳትመው። ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ግን «ቅጂ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ «ሐሰት» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ስለማገኘው፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ከባቲ የሰኞ ገበያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የማርትሬዛ ብር ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለው፤ ነገር ግን በእጃችን ከሚገቡት አብዛኞቹ በዚያ ዓመት አልተመቱም። መልኳ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ቪየና ያንኑ ዓመት እንደያዘ መምታቷን ቀጠለች፤ በ1935 ጣሊያን ለኢትዮጵያ ወረራዋ እንዲያገለግላት የመምቻውን መብት ወስዳ ሮም ላይ መታችው፤ ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መቱት። አያቶቻችን የብሩን ድምፅ በድንጋይ ላይ እየፈተኑ፣ በጌጡ ላይ ያሉትን እንቁዎች እየቆጠሩ ሲቀበሉት የሚጨነቁት ስለ ዓመቱ ሳይሆን ብሩ ብር መሆኑን ለማወቅ ነበር። አንድ ባቲ ውስጥ ጌጣጌጥ የሚሸጡ አባት፣ ስለ አንድ ብር ስጠይቃቸው «አብሽር ልጄ፤ ብሩ አልዋሸህም፣ በ1780 ተመታ ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ነው የሚዋሽህ» አሉኝ። ካርታውም እንዲሁ ነው። መቼና በማን እንደታተመ በግልጽ የሚናገር ቅጂ ታማኝ ዕቃ ነው፤ ሐሰት የሚሆነው በሻጩ አፍ ወይም በሆን ብሎ ያረጀ በመሰለ ወረቀት ሌላ ዘመን ሲለጠፍበት ነው።

ዘመኑን መለየት

ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ የሚተው አንባቢ ቢኖር እንኳ ይህን ክፍል ባይተው እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ባለሙያ ሳያስፈልግ፣ ዕቃው ራሱ ዕድሜውን ይናገራል።

መጀመሪያ ጆከር መኖሩን እንመልከት። ጆከር በአሜሪካ በ1860ዎቹ የመጣ ነገር ስለሆነ፣ በ1793 ታተመ የተባለ ካርታ ጆከር ካለው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። በማዕዘኑ ላይ ቁጥርና ምልክት በትንሹ መጻፍም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረ ተጫዋች ካርታውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ነበር የሚያየው። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ማዕዘንም በተመሳሳይ ዘመን የተለመደ ነው፤ የድሮዎቹ እንደ ሰነድ ወረቀት ቀጥ ያለ ጠርዝ አላቸው። ላይና ታች ተገልብጦ የሚታየው ባለ ሁለት ራስ ንጉሥም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ስለሆነ፣ የ17ኛና የ18ኛ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች በአመዛኙ ከራስ እስከ እግር ቆመው ይገኛሉ። ጀርባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነጭ ነበር፤ ለዚህም ነው ባለቤቶቻቸው የሰው ስም፣ ማስታወሻና የዕዳ ሒሳብ ሲጽፉባቸው የኖሩት።

ቀጥሎ ህትመቱን በአሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ማየት ነው። ለዚህ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ወርቅ ሰሪ ዘንድ ሄዶ መነጽሩን ለአምስት ደቂቃ መዋስ ይበቃል፤ እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዘመናዊ የኦፍሴት ህትመት በመነጽር ሲታይ ወደ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች ይበተናል፤ ነጠብጣቦቹም እንደ ትንንሽ አበባ ተሰባስበው ይታያሉ። በእንጨት ወይም በመዳብ ማተሚያ የታተመ የዘመኑ ካርታ ግን መስመሩ ሙሉ ቀለም ነው፤ የመዳቡ መስመር ቀጭንና ጥርት ያለ፣ የእንጨቱ ወፈር ያለና ጠርዙ ሸካራ ይሆናል። የልብሱ ቀለም የተቀባው ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት ወይም ቆዳ በኩል በብሩሽ ስለሆነ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይፈሳል፤ ቀዩ የንጉሡን ካባ አልፎ እጁ ላይ ሲያርፍ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ማረጋገጫ ወረቀት በላይ ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ያ ብሩሽ የአንድ ሠራተኛ እጅ ነበርና።

ሦስተኛው መፈተኛ ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ፋብሪካዎች ነጭነት ለመጨመር የሚያበራ ኬሚካል መክተት ስለጀመሩ፣ ካርታው ጨለማ ውስጥ በዚያ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊሆን አይችልም። ቦግ አለማለቱ ግን ብቻውን ዕድሜውን አያረጋግጥም። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበሩትን ንጉሡን የተዋጉትን የክሮምዌል ወገኖች የሚሳለቀው ካርታ ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ በ1886 በቅጂ ታትሟል፤ ያ ቅጂ ዛሬ ራሱ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ወረቀቱም ያረጀ ነው፣ መብራቱንም ያልፋል። ዋጋው ግን የዋናው ሊሆን አይገባም።

አራተኛው ግብር ነው። እንግሊዝ በመጫወቻ ካርታ ላይ እስከ 1960 ድረስ ቀረጥ ታስከፍል ነበር፤ በ1765 ደግሞ የስፔድ አንድ ቁጥርን መንግሥት ራሱ እንዲያትመው ስለተወሰነ፣ ያችን አንድ ቅጠል አስመስሎ ማተም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ካርታ ሠሪ በ1805 የተሰቀለው በዚህ ነው። አሜሪካ ደግሞ ከ1894 እስከ 1965 በካርታ ማሸጊያ ላይ የቀረጥ ቴምብር ታስለጥፍ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን በሕጋዊ ገበያ ተሸጠ የተባለ የአሜሪካ ካርታ ሳጥኑና ቴምብሩ አብረው ቢኖሩ ማስረጃው ይጠናከራል።

የሪያዱ ካርታ

የጎረቤታችን ልጅ ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለስ ከላይ የጠቀስኩትን የኢራቅ ካርታ ይዞ መጣ። ሪያድ ውስጥ የሸጠለት ሰው «ወታደር በኪሱ የያዘው ነው» ብሎት፣ የብዙ ቀን ደመወዙን ከፍሎበታል። ፓኮውን ከፍተን መብራት ሥር አስቀመጥነው። ጠርዞቹ አዲስ እንደተቆረጠ ወረቀት ነጭ ነበሩ፤ በእጅ የተበወዘ ካርታ ግን መጀመሪያ የሚቆሽሸው በጠርዙ ነው። ሳጥኑ የሱቅ ባርኮድ ነበረው፤ ለወታደር በነጻ የታደለ ዕቃ ደግሞ ባርኮድ አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ ግን፣ ያ ካርታ በመጀመሪያ የታተመው በጥቂት መቶ ፓኮ ብቻ ሆኖ ሳለ ምስሎቹ ለሕዝብ ይፋ ስለነበሩና የአሜሪካ መንግሥት ሥራዎች በአገሩ ሕግ የቅጂ መብት ስለሌላቸው፣ ማንም ማተሚያ ቤት በሳምንታት ውስጥ ማተም ችሎ ነበር። ስለዚህ ከወታደሩ እጅ እስከ ሻጩ እጅ ያለው ሰንሰለት በሰነድ ካልታየ በቀር፣ ማንኛውንም የኢራቅ ካርታ በቅጂ ዋጋ ብቻ ግዙ። «ጋሼ፣ ተበላሁ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዋጋው ተበልቷል፤ ካርታው ግን እንደ ቅጂ ጥሩ ቅጂ ነው፣ አልኩት።

ያ ካርታ አሁን እነሱ ቤት ይጫወቱበታል፤ አያቱ ግን በአደን የተያዙና የሞቱ ሰዎች ፊት በሚበወዝበት ጨዋታ አልቀመጥም ብለዋል። እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ የየትኛውንም እምነት ተከታይ የሚያጥላላ ካርታ ለጨዋታ አላወጣም። የባርሎው ካርታ በሥዕል ጥበቡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ንጹሐን ሰዎችን ለሞት ያበቃ ውሸት አሰራጭቷል፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከሙሉ ታሪኩ ጋር እንጂ በቡና ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

ለምን ዓላማ የትኛው?

ለመጫወት የሚገዛ ሰው ዘመናዊውን ቅጂ ይውሰድ። የዘመኑ ካርታ ወረቀት በላይ በላዩ ተለጥፎ የተሠራ ስለሆነ፣ በተበወዘ ቁጥር ንብርብሩ ይላቀቃል። ጥሩ ቅጂ ላይ መፈለግ ያለበት በካሬ ሜትር በግምት ሦስት መቶ ግራም የሚመዝን፣ መሐሉ ጥቁር ንብርብር ያለው ካርቶን ነው፤ ጥቁሩ ንብርብር ብርሃን እንዳያሳልፍ፣ ተቀናቃኝም በመብራት እንዳያነብብ ይከላከላል። የተለመደው መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። የድሮውን ባዶ ጀርባ ያስመሰለ ቅጂ ለጨዋታ አልመክርም፤ አንድ የቡና ጠብታ ከነካው ያ ካርታ ከጀርባው ይታወቃልና።

ለማስተማር ግን እኔ የምመርጠው በራስ ማሳተምን ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና የዬል ዩኒቨርሲቲ የካርታ ስብስቦቻቸውን ምስል በኢንተርኔት አውጥተዋል፤ የእያንዳንዱን የአጠቃቀም ደንብ አንብቦ ማውረድ ይቻላል። ደሴ ውስጥ ያለ ማተሚያ ቤት ምስሉን በወፍራም ካርቶን ያትማል፤ ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃውን ማሳተምም ከአንድ ነጠላ ዋና ቅጠል ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ በጀርባው ላይ «ቅጂ» የሚል ቃልና የታተመበት ዓመት በቀለሙ ውስጥ ይታተም። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት እንዳይሳሳት።

ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሙሉ ካርታ ይልቅ በነጠላ ቅጠል ቢጀምር ይሻለዋል። ሙሉ ካርታ ዋጋው በሙሉነቱ ስለሚወሰን ሻጮች የጎደለውን በሌላ ፓኮ ወይም በቅጂ ይሞላሉ፤ ሃምሳ ሁለት ቅጠል በፎቶ ብቻ አይቶ መለየት ደግሞ ለልምድ አልባ ገዢ በጣም ከባድ ነው። ነጠላ ቅጠል ግን በመነጽርና በመብራት ይመረመራል። ከነጠላዎቹ መካከል እኔን የሚማርኩኝ በ1793 የወጡት የፈረንሳይ ካርታዎች ናቸው፤ ካርታ ሠሪዎቹ አዲስ ማተሚያ ለመቅረጽ ጊዜ ስላጡ፣ የቆየውን እንጨት ወስደው ከንጉሡ ራስ ላይ ዘውዱን ብቻ ፍቀው አትመውታል። ዘውድ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ቅጂ ይህን ምስል ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ባዶ ቦታ ዙሪያ እንጨቱ ወረቀቱ ላይ የተወውን አሻራ በጣት መዳሰስ የሚቻለው ከዋናው ብቻ ነው።

ለማስጌጥ በግድግዳ የሚሰቅል ሰው ቅጂ ይስቀል። ብርሃን ቀለም ይበላል፤ ዋናው በመስታወት ውስጥ ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ይገረጣል።

አያያዝ

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል፤ ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ያደርቀውና ንብርብሩን ያላቅቃል። ዋና ካርታ ፖሊፕሮፒሊን በተባለ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ተደርጎ፣ በጠንካራ ካርቶን ሳጥን፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ዝናብ ከሚገርፈው ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ኬሚካል እየለቀቀ ቀለሙን ያጣብቃል። በላስቲክ ማሰር ጠርዙን ይሰብራል፤ የእጣንና የከሰል ጭስ በነጩ ላይ ቡናማ ሽፋን ይተዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት «ላሚኔት ላድርግልህ?» ሲሉ ግን አይሆንም ማለት ያስፈልጋል። ሙቀቱና ሙጫው አንዴ ከገባ ማንም ባለሙያ በቀላሉ አያወጣውም፣ ዋናው ካርታም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋጋውን ያጣል። በደግነት የተደረገ ላሚኔት ያበላሸውን አንድ የጥንት ቅጠል አይቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ገንዘብ ከመላክ በፊት

በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው ከሻጩ የምጠይቃቸውን ፎቶዎች ልንገረው። የፊትና የጀርባ ፎቶ ሁሉም ይልካል፤ እኔ የምፈልገው ግን ጠርዙን ከጎን በኩል በቅርብ የተነሣ፣ አንዱን ማዕዘን በአጉሊ መነጽር ያሳየ፣ እንዲሁም ካርታውን ብርሃን ላይ አድርጎ የወረቀቱን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው። በእጅ የተሠራ የድሮ ወረቀት ብርሃን ላይ ሲያዝ የወንፊቱ መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። ከዚህ ጋር «ከየት አገኘኸው?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከቤተሰብ፣ ከጨረታ ወይም ከሌላ ሰብሳቢ መሆኑን በጽሑፍ የሚመልስ ሻጭ ነገ ለቃሉ ይጠየቅበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚህን ሳልጠይቅ «የአብዮቱ ዋና ካርታ» የተባለ ከአንድ ሻጭ ገዝቼ፣ ሲደርሰኝ በመነጽር ብመለከተው የኦፍሴት ነጠብጣብ ሞላው። በቡና ጆንያው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የመጣው በዚያ ፓኮ ነው። ጀርባው ላይ «ቅጂ» ብዬ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የሚዞረው እሱ ነው።